የግራው ረድፍ ለምን ይከዳኛል?

የአንባቢያን ጥያቄና የመካኒኩ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ዳሽቦርድ ላይ ስለበራ መብራት የሚጠይቁ ናቸው። እነሱ ይቆዩኝ፤ መብራቱ እስከሚቀጥለው እትም የትም አይሄድም። አራት ደብዳቤዎች ግን ከተለያየ አገር ተነሥተው አንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙብኝ ዓምዱን ለእነሱ ለቅቄያለሁ። ጉዳዩ ድራግ ሬስ ነው፤ ሁለት መኪኖች አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ረድፍ ጎን ለጎን ቆመው፣ መብራት ሲሰጣቸው ተነሥተው፣ ሩብ ማይል ማለትም 402 ሜትር በቀጥታ የሚሽቀዳደሙበት ስፖርት። በቴሌቪዥን የሚያየው ሰው የሞተር ውድድር ይመስለዋል። እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ጋራዥ ከከፈትኩ ጀምሮ የእነዚህን መኪኖች ሆድ ስከፍት ኖሬያለሁና ልንገራችሁ፤ ውድድሩ የጎማና የመሬት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ2012 ፎርድ ማስታንግ ጂቲ አለኝ። ማርሹ በእጅ ነው፤ ጎማው ተራ የመንገድ ጎማ ነው። ዓርብ ማታ ለሕዝብ ክፍት በሚሆን ሜዳ እሮጣለሁ። በቀኙ ረድፍ ስነሣ ሁሉም ሸጋ ነው። በግራው ረድፍ ግን የኋላ ጎማዎቼ ባዶውን ይሽከረከራሉ፤ የመኪናው ፊት ወደ ቀኝ ይሄድብኛል፤ ከመሪው ጋር ስታገል ሌላው ጥሎኝ ይሄዳል። ከየሩጫው በኋላ የሚሰጡኝን የሰዓት ወረቀቶች ገልብጬ ልኬያለሁ። በቀኙ ረድፍ፦ 60 ጫማ ላይ 2.01 ሰከንድ፣ 330 ጫማ ላይ 5.52፣ 660 ጫማ ላይ 8.43፣ መድረሻው ላይ 13.02፣ ፍጥነት በሰዓት 108.9 ማይል። በግራው ረድፍ፦ 2.24፣ 5.84፣ 8.78፣ 13.38፣ ፍጥነት 109.3 ማይል። አንዱ ጓደኛዬ «ኮምፒውተሩን አስተካክለህ ጉልበት ጨምር» ይለኛል። ሁለተኛው «የኋላውን ጎማ አየር እስከ 18 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አውርደው» ይላል። ሦስተኛው «ግራውን ረድፍ እምቢ በል» ባይ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ወረቀቶቹን ስላልጣልሃቸው አመሰግንሃለሁ። አብዛኛው ሰው የመጨረሻዋን ቁጥር አይቶ ወረቀቱን መኪናው ወለል ላይ ይጥላል። መልሱ ያለው ግን ከላይ ባሉት ቁጥሮች ውስጥ ነው።

መድረሻው ላይ የተመዘገበው ፍጥነት ስለ ሞተሩ ይናገራል። ሰዓቱ ደግሞ የሞተሩን ጉልበት መሬት ላይ ማዋል አለማዋልህን ይናገራል። በግራው ረድፍ በ0.36 ሰከንድ ዘግይተህ ሳለ ፍጥነትህ እንዲያውም በትንሹ በልጧል። ሞተሩ የታመመ መኪና እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ጉልበት ጨምር ያለህን ጓደኛህን ቡና ጋብዘው፤ ምክሩን ግን አትቀበለው። ያለህን 400 የፈረስ ጉልበት መሬቱ አልቀበልም እያለህ ሌላ 50 ብትጨምርበት የምታተርፈው ጭስ ብቻ ነው።

አሁን እየቀነስክ ተመልከት። 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ላይ ልዩነቱ 0.23 ነው። 330 ጫማ ላይ 0.32 ሆኗል። 660 ላይ 0.35፣ መድረሻው ላይ 0.36። ከ100 ሜትር በኋላ ሁለቱ ረድፎች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በሽታው ያለው መነሻው ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምታየው የመነሻውን ዕዳ ወለድ ነው። 60 ጫማ ላይ የጠፋች አንድ አሥረኛ ሰከንድ መድረሻው ላይ አንድ ተኩል ወይም ሁለት አሥረኛ ሆና መምጣቷ የተለመደ ነው፤ ዘግይቶ ፍጥነት ያገኘ መኪና ቀጣዩንም ርቀት ዘግይቶ ይጀምረዋልና።

መሬቱ ለምን እንደሚለያይ ደግሞ ላስረዳህ። የድራግ ሜዳ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ጥቁር ወለል ይመስላል። በብዙ ሜዳዎች መነሻው አካባቢ ያለው ኮንክሪት ነው፤ ከዚያ አስፋልት ይቀጥላል። በላዩ ላይ ሙጫነት ያለው ፈሳሽ ይረጫል። በሙጫው ላይ ደግሞ ከሮጡት መኪኖች ጎማ የተላጠ ላስቲክ ይነባበራል። መኪናህን የሚይዘው ኮንክሪቱ ሳይሆን ይህ ስስ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑም ምሽቱን ሙሉ ሲለዋወጥ ያመሻል። ልሙጥ የውድድር ጎማ ያደረገ መኪና በወጉ ሲነሣበት ላስቲክ ይጨምርለታል። ጥርስ ያለው የመንገድ ጎማ ደግሞ በጥርሱ መካከል ውሃና ጠጠር ይዞ ይመጣና ባዶውን ሲሽከረከር ሽፋኑን ይፍቀዋል። አንዱ መኪና ዘይት ካፈሰሰ ሠራተኞቹ ቦታውን አድርቀው፣ ጠርገው፣ ሙጫ ይረጩበታል፤ ሆኖም የታከመው ቦታ ከጎኑ ካለው ጋር ወዲያው አይስተካከልም። አንተ ሰባተኛ ተሰልፈህ ስትጠብቅ ከፊትህ ያሉት ስድስቱ በየረድፉ ምን እንዳደረጉ ካላየህ የምትነሣው ዓይንህን ጨፍነህ ነው።

ፀሐይም አለችበት። አመሻሽ ላይ የተመልካቹ መቀመጫ ወይም የዳኞቹ ሕንጻ ጥላ አንዱን ረድፍ ቀድሞ ይሸፍነዋል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የዋለችበት ወለል 140 ፋራናይት፣ ማለትም 60 ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። እዚያ ሲደርስ ሽፋኑ ከልክ በላይ ይለሰልስና ጎማውን መያዝ ይተዋል። ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝም ሙጫው ይጠነክርና መጣበቅ ያቆማል። ጥላ ውስጥ ያለው ረድፍ ከፀሐዩ በብዙ ዲግሪ ሊበርድ ስለሚችል ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው በሁለት የተለያየ የአየር ጠባይ ይነሣሉ። እንደ ሽጉጥ የሚያዝ የሙቀት መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም። ሜዳው ላይ ለመግባት ባይፈቀድልህ እንኳ ሰልፉ ላይ ሆነህ የራስህን ጎማዎች ለካ፤ የግራና የቀኙ ልዩነት ብዙ ይነግርሃል። ዴንቨር አጠገብ የነበረው፣ በ2023 የተዘጋው ባንዲሜር ስፒድዌይ ከመነሻው ወለል ሥር ቱቦ ዘርግቶ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ያበርደው ነበር። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በ2008 የተከፈተው ዚማክስ ድራግዌይ ደግሞ ከመነሻ እስከ መድረሻ ኮንክሪት ነው፤ አራት ረድፍ አለው። ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሱት ጎማው የሚረግጠው እያንዳንዱ ክንድ መሬት አንድ ዓይነት እንዲሆን ብለው ነው። አሁንም ቢሆን አንድ ዓይነት አይሆንም።

ወደ አንተ መኪና ልምጣ። በግራው ረድፍ ፊቱ ወደ ቀኝ ሄደብኝ ብለሃል። የግራው ጎማ ከቀኙ አብልጦ ሲገፋ መኪናው ወደ ቀኝ ይዞራል። እንግዲህ ያልያዘልህ የቀኙ ጎማ ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለ፤ በእኔ ግምት ሁለቱም በአንድ ላይ መጥተውብሃል።

የመጀመሪያው መኪናው ራሱ ነው። የአንተ ማስታንግ የኋላ ጎማዎቹ በአንድ ወጥ ዘንግ የተያያዙ ናቸው። ነዳጅ ስትረግጥ ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ የኋላውን አካል ሊጠመዝዘው ይሞክራል፤ የግራውን ጎማ ወደ መሬት ይጫነዋል፣ የቀኙን ያቀልለዋል። ይህ የመኪናው ጉድለት ሳይሆን ተፈጥሮው ነው። መሬቱ በደንብ ሲይዝ አታስተውለውም፤ መሬቱ ሲሳሳ ይገለጣል።

ሁለተኛው የምትቆምበት ቦታ ነው። በየረድፉ መካከል ሁለት ጥቁር ፈለጎች አሉ፤ ብዙ ጎማ የረገጣቸውና ላስቲክ የጠገቡ። ከእነሱ አንድ ስንዝር ወጣ ስትል ሙጫው ቢኖርም ላስቲኩ ስስ ነው፤ አቧራና የላስቲክ ፍርፋሪም የሚከማችበት እዚያ ነው። አሁን አስበው። በአሜሪካ መኪና የምትቀመጠው በግራ በኩል ነው፤ በግራው ረድፍ ስትቆም የኮንክሪቱ አጥር ከትከሻህ አጠገብ ነው። ሰው ሳያውቀው ከአጥሩ ይሸሻል። በቀኙ ረድፍ አጥሩ በተሳፋሪው በኩል ስለሆነ አያስፈራህም። ስለዚህ በግራው ረድፍ መኪናውን ወደ ቀኝ አስጠግተህ ታቆመውና የቀኙ ጎማ፣ ያውም ቀድሞውኑ የቀለለው ጎማ፣ ከፈለጉ ወጥቶ ይቆማል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህንን ማጣራት ቀላል ነው። አንድ ጓደኛህ ተመልካች እንዲቆም ከተፈቀደበት ቦታ፣ ከኋላህ በኩል ሆኖ በስልኩ ይቅረጽህ። ጎማዎችህ ከጥቁሮቹ ፈለጎች ላይ መሆን አለመሆናቸውን ራስህ ታያለህ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠይቅ፦ በቀኙ ረድፍስ በትንሹ ወደ ቀኝ ይላል? ካለ፣ መኪናው ላይ የሚሠራ ሥራ አለ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ያለው አየርና የጥርሳቸው ጥልቀት እኩል መሆኑን እይ። እኩል ከሆኑ በቀኙ የኋላ ሞላ ውስጥ የሚገባ በአየር የሚነፋ ከረጢት ይሸጣል፤ ጥቂት አየር ሲጨመርበት በመነሻ ጊዜ የቀኙን ጎማ ወደ መሬት ይጫነዋል። በቀኙ ረድፍ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ግን ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ ተው። መድኃኒቱ አቋቋምህን ማስተካከል ነው።

ስለ አየሩ፦ 18 ማውረድ ለውድድር ለተሠራ ጎማ ነው፤ የዚያ ጎማ ጎን ታስቦበት የተሠራ ነው። ተራ የመንገድ ጎማ በ18 ፒኤስአይ በሰዓት 109 ማይል ሲሄድ ጎኑ ይንቀጠቀጣል፤ መኪናውም በመድረሻው ላይ መዋለል ይጀምራል። በሩ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ቁጥር ተነሥተህ በየሩጫው ሁለት ሁለት ቀንስ፤ ከ26 በታች ግን አትውረድ። 60 ጫማው መሻሻል ሲያቆም አንተም አቁም።

ውሃው ላይ ደግሞ አትግባ። ከመነሻው በፊት ጎማ እንዲሽከረከርበት የሚፈሰው ውሃ ልሙጥ ጎማ ላላቸው ነው። የአንተ ጎማ ጥርስ ስላለው ውሃውን ተሸክሞ መነሻው ላይ ያፈስሰዋል፤ ቀጥሎ የሚነሣው ሰው የሚረግምህም ለዚህ ነው። በጎን አልፈህ ደረቁ ላይ ጎማህን ለአፍታ ብቻ አሽከርክር፣ ጠጠሩ ይራገፋል፤ በቃ። የመንገድ ጎማ ጭስ በጭስ እስኪሆን ቢሽከረከር ይለሰልሳል እንጂ አይሻለውም። ጭሱ ለፎቶግራፍ ነው።

አነሣስህንም በየረድፉ ለየው። በቀኙ ረድፍ በ2500 ዙር ፍሪሲዮን የምትለቅ ከሆነ በግራው በ1800 ልቀቅ፤ ነዳጁን በአንድ ጊዜ አትርገጠው፣ መኪናው መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላ እያከልክ ሂድ። በድን የሆነ አነሣስ መስሎህ ታፍርበት ይሆናል። ወረቀቱ ግን 2.10 ይልሃል፣ ከ2.24 ይሻላል። ጎማው አንዴ ካመለጠህ ደግሞ ነዳጁን ለቅቀህ እንደገና ያዝ። የሚሽከረከር ጎማ ነዳጅ ስለተጨመረለት አይያዝም። ከ11,000 ፈረስ ጉልበት በላይ ያላቸውን፣ ቶፕ ፊዩል የሚባሉትን የድራግ ሬስ ፈጣን መኪኖች የሚነዱት ሰዎች እንኳ ጎማቸው ሲያመልጥ እግራቸውን ያነሣሉ።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። በግራው ረድፍ ፊትህ ወደ ቀኝ ሲሄድ የምትሄደው ወደ ባላንጣህ ነው። መኪናው ወደ መካከለኛው መስመር ከተጠጋ ሩጫው አብቅቷል፤ ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን በእርጋታ መልስ፣ ድንገተኛ ፍሬን አትያዝ። መስመሩን ማለፍ በማንኛውም ውድድር ያስወጣል፤ ያ ግን ከሚያስከትለው አደጋ ሁሉ ትንሹ ነው። ሄልሜትህን እንደምታደርግ እርግጠኛ ነኝ፤ የአሜሪካን ድራግ ሬስ በሚመራው ማኅበር፣ በኤንኤችአርኤ ደንብ 13.99 ሰከንድ እና ከዚያ በታች ለሚሮጥ ግዴታ ነው።

ግራውን እምቢ በል ላለህ ጓደኛህ፦ በልምምድ ምሽት ሰልፍ የሚያስይዘውን ሰው በትሕትና ብትጠይቀው ይፈቅድልህ ይሆናል። በትልልቆቹ ውድድሮች ግን ረድፍ የሚመርጠው በቀደመው ዙር የተሻለ ሰዓት ያስመዘገበው ነው፤ ሌላው የተረፈውን ይወስዳል። የልምምድ ምሽትህን በመጥፎው ረድፍ ብታሳልፈው ይሻልሃል፤ በጥሩው ላይ ማንም ይሮጣል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ መካኒክ፣ ማናማ፣ ባሕሬን ውስጥ በጋራዥ ረዳትነት እሠራለሁ። አሠሪዎቼ መኪናቸውን ሳኪር ወደሚገኘው ሜዳ ሲወስዱ ዕቃ ይዤ አብሬ እሄዳለሁ። ባለፈው መነሻው ላይ ስራመድ ጫማዬ ተጣብቆ ከእግሬ ወለቀና መሳቂያ ሆንኩ። አንድ ቀን ሙጫ ይረጫሉ፣ በትራክተር ጎማ ይጎትቱበታል፤ ሌላ ቀን ደግሞ የራሳቸውን ሥራ መልሰው ይፍቁታል። ሥራ ፈትተው ነው? ሌላው ጥያቄዬ፣ መጀመሪያ ላይ በደንብ ሲይዝ ያመሸው መሬት እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ሁሉንም መኪና እንቢ ያለው ለምንድን ነው?
ከማናማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጫማህ በመውለቁ ደስ ይበልህ፤ የመሬቱን ጥራት ከአሠሪዎችህ ቀድመህ ለክተሃል። አዋቂዎቹም እግራቸውን መሬቱ ላይ ጠምዘዝ አድርገው ነው የሚሞክሩት።

ሠራተኞቹ ሥራ ፈት አይደሉም። የሚረጨው ፈሳሽ ሙጫው በአልኮል ቀጥኖ ነው፤ አልኮሉ ይተንና ሙጫው ይቀራል። መነሻው ላይ ወፈር አድርገው፣ ወደፊት ሲሄዱ እያቀጠኑ ይረጫሉ፤ መኪናው ጉልበቱን ሁሉ የሚጥለው መነሻው ላይ ነውና። ከዚያ በትራክተሩ የሚጎተቱት ጎማዎች ከራሳቸው ላስቲክ እየተዉ ሽፋኑን ያስተካክሉታል። ችግሩ ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ ነው። አንዱ ቦታ ይነሣል፣ ሌላው ይቀራል፤ ጎማው ግማሹን ላስቲክ፣ ግማሹን ራቁት ኮንክሪት ይረግጣል። ከደካማ መሬት ይልቅ የተዘበራረቀ መሬት ይከፋል፤ ደካማውን ነዳጅ በመቀነስ ትለምደዋለህ፣ የተዘበራረቀው ግን በአንድ ሩጫ ውስጥ ይይዝሃል፣ ይለቅቅሃል፣ እንደገና ይይዝሃል። ያን ጊዜ ነው ዘንግ የሚሰበረው። ስለዚህ ፍቀው፣ አጽድተው እንደገና ይጀምራሉ።

በእናንተ በኩል አሸዋም ይጨመርበታል። ነፋስ ያመጣው ደቃቅ አሸዋ ሙጫው ላይ ይቀመጥና ጎማው ከሙጫው ጋር እንዳይገናኝ ያደርጋል። የአሠሪዎችህ መኪና ከማቆሚያው እስከ መነሻው ሲነዳም በጎማው አሸዋ ይለቅማል። ሰልፍ ከመያዛቸው በፊት የኋላ ጎማዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግላቸው፤ ከተሰለፉት መኪኖች መካከል ስንቱ እንዲህ ያለ ረዳት አለው?

እኩለ ሌሊት ላይ የሆነው ጤዛ ነው። ባሕሬን ደሴት ናት፤ አየሩ እርጥበት አለው። ሌሊት ወለሉ ሙቀቱን እየለቀቀ ይበርዳል። ቅዝቃዜው የአየሩ እርጥበት ወደ ውሃ የሚለወጥበት ዲግሪ ላይ ሲደርስ በላስቲኩ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ውሃ ይተኛል። ሙጫና ላስቲክ ባለበት ወለል ላይ ይህ ስስ ውሃ ከተራ አስፋልት ይልቅ ያንሸራትታል። ምልክቱን ቀድመህ የምታገኝበት መንገድ አለ። የቆመ መኪና ጣሪያ ከወለሉ ቀድሞ ይበርዳል። ምሽቱ ሲገፋ በየጊዜው ጣሪያውን በእጅህ ዳብስ፤ እጅህ ሲረጥብ ለአሠሪዎችህ ንገራቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ሰዓት ለማሻሻል የሚሆን አይደለም፤ ብዙ ሜዳዎችም ጤዛ ሲወርድ ውድድሩን ያቋርጣሉ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ መኪና አለኝ። ሌሊት አዲስ በተሠራ ሰፊ አስፋልት ላይ ከጓደኞቼ ጋር እንሽቀዳደማለን። አንዱ ጎማ ሁልጊዜ ይንሸራተታል። ምን ላድርግ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አቁም። ዝናቡ እንዲወርድ ተብሎ መንገዱ ወደ ዳር ያዘቀዝቃል፤ ከባድ መኪናዎች ናፍጣ ያንጠባጥቡበታል፤ የተቀባው ነጭ መስመር ራሱ ያንሸራትታል። ሙጫ የለውም፣ አጥር የለውም፣ ከመድረሻው በኋላ መቆሚያ የለውም። ሌሊት ከሥራ የሚመለስ እግረኛ ግን አለው። ስለ ጎማህ የምነግርህ ነገር ቢኖረኝም አልነግርህም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ1998 ሆንዳ ሲቪክ አለኝ፤ ሞተሩን ከሌላ ሆንዳ በወጣ ጠንከር ያለ ሞተር ቀይሬዋለሁ። የምወዳደረው ሰዓትን ቀድሞ በማሳወቅ በሚደረገው ውድድር ነው። በቀኙ ረድፍ 14.62፣ በግራው 14.80 እሮጣለሁ። በግራው አንዱ የፊት ጎማ ብቻ ባዶውን ይዞራል። መስታወቴ ላይ የትኛውን ሰዓት ልጻፍ? መካከለኛውን 14.71 ልጻፍ? ወንድሜ ደግሞ ክብደት ይያዝልሽ ብሎ 25 ፓውንድ ጤፍ ከነከረጢቱ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስገብቶልኛል።
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። በዚህ ውድድር ሁለቱም ሊሮጡ የሚችሉትን ሰዓት መኪናቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ቀርፋፋው በልዩነቱ ያህል ቀድሞ ይነሣል። ከጻፈው ሰዓት ፈጥኖ የደረሰ ይሸነፋል፤ ሁለቱም ከፈጠኑ ደግሞ አብልጦ የፈጠነው ይሸነፋል። ስለዚህ የሚሸለመው ደጋግሞ አንድ ዓይነት መሮጥ የሚችል ነው።

መካከለኛውን መጻፍ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። በቀኙ ከወጣሽ በ0.09 ፈጥነሽ ትሸነፊያለሽ፤ በግራው ከወጣሽ በ0.09 ዘግይተሽ ትሸነፊያለሽ። ረድፍሽን ሰልፉ ላይ ካወቅሽ የረድፍሽን ሰዓት ጻፊ፤ ቁጥር መቀየር እስከ የት ድረስ እንደሚፈቀድ የሜዳውን ሰዎች ቀድመሽ ጠይቂ። እኔ ብሆን ግን ሌላ ነገር አደርግ ነበር። በቀኙም አነሣሴን አለዝቤ በሁለቱም ረድፍ 14.80 መሮጥ እለማመዳለሁ። ጥሩውን ረድፍ ከመጥፎው ጋር ማስተካከል ይቻላል፤ መጥፎውን ወደ ጥሩው ማንሣት ግን በአንድ ምሽት አይሆንም። ፈጣን መኪና እያለሽ መዘግየት ያስቆጭ ይሆናል። ዋንጫው ያጽናናል።

አንዱ ጎማ ብቻ የሚዞርብሽ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል፣ ተራ ስለሆነ ነው። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማዎች የሚሰጠው እኩል ጉልበት ነው፤ ልኩም የሚወሰነው መሬቱን ይበልጥ አላልቶ በያዘው ጎማ ነው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች በደካማው እርምጃ እንደሚሄዱ ማለት ነው። በግራው ረድፍ አንድ ጎማሽ ከጥቁሩ ፈለግ ከወጣ፣ ሌላው የፈለገውን ያህል ቢይዝ አይጠቅምሽም። ሁለቱን ጎማ የሚያስተባብር ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል ለሲቪክ ይገኛል፤ ካስገባሽው ግን መኪናው ሲነሣ መሪሽን ወዲያና ወዲህ ሊጎትተው ስለሚችል በሁለት እጅሽ አጥብቀሽ ያዢው። ከዚያ በፊት ከላይ ለሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ የጻፍኩትን የአቋቋም ነገር ሞክሪ፤ እሱ ወጪ የለውም።

ስለ ጤፉ፦ ወንድምሽ ያሰበው የኋላ ጎማው ለሚገፋ መኪና ነው። የአንቺን የሚጎትተው የፊት ጎማ ነው። መኪና ሲነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ፊቱ ይቀልላል፤ ኋላ ላይ ጭነት ስትጨምሪ ፊቱን ይበልጥ ታቀልይዋለሽ። ያልታሰረ ዕቃ ይዘሽ ደግሞ ከሩጫው በፊት ያለውን ፍተሻ አታልፊም። ጤፉን አውጥተሽ ለእናታችሁ መልሺላቸው፤ ሳይፈልጉት አይቀሩም።